ቁልፍ በቀኝ፣ ገመድ በግራ

ባለፈው ሳምንት ስመኝንና ይሻውን የተለየናቸው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። እሷ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች ሄዱ። ሁለቱም ዞር ብለው ማየት አምሯቸዋል፤ ሁለቱም ኩራት አንገታቸውን ይዟቸዋል። ፍቺው ጸድቋል። የቀረው ንብረት መካፈሉ ብቻ ነው። ዳኛዋ፣ «በሽማግሌ ተስማምታችሁ ከተካፈላችሁ እሰየው፤ ካልሆነ ሰኞ ስትቀርቡ ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ነው የማዘው» ብለዋቸዋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ቤቱ ከደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። አላፊ አግዳሚው ቢያየው ሰው የሚካሰስበት ቤት አይመስለውም። ግን ጭቃውን አብረው የረገጡት እነሱ ናቸው፤ እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እሱ ከትምህርት ቤት መልስ ሱሪውን ጠቅልሎ። ይሻው የፊዚክስ መምህርና የከተማ ልጅ ነው፤ መሀል ከተማ ሱቅ ያላቸው የወይዘሮ ብዙነሽ አንድ ልጅ። ስመኝ የጋፋት ገበሬ ልጅ ስትሆን ከአንበሳሜ ገበያ ቅቤ እየገዛች ደብረ ታቦር ትሸጣለች። ሊጋቡ ሲሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ «ቅቤ ነጋዴ ደጃፍ ሽማግሌ አልልክም» ብለው እምቢ አሉ። ይሻው እናቱን መርታት ሲያቅተው ስመኝን ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ተፈራረመ።

ፊርማ ፊርማ ነው፤ በሕግ ፊት ምንም አይጎድለውም። ስመኝ ግን አንድ ነገር ከልቧ አልወጣ ብሏት ኖረች። ጓደኞቿ ሁሉ ሲዳሩ ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ለምነዋቸዋል። እሷን የለመናት የለም። እንዲህ ያለ ነገር ለከተማ ሰው ቢነግሩት ይስቃል። ስመኝ ስቃበት አታውቅም።

አምና አንድ ዘመድ ሰርግ ላይ ወይዘሮ ብዙነሽ የቤተሰቡን ምራቶች ለእንግዶች ሲያስተዋውቁ ስመኝ ጋ ደረሱና፣ «ይቺ እንኳ በፊርማ የገባች ናት፤ ሽማግሌ አልተላከባትም» አሉ። ይሻው አጠገባቸው ነበር። ሰምቷል። አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ። ስመኝ በማግሥቱ ጋፋት፣ ወንድሟ አገኘሁ ቤት ገባች።

ሚስት ተቆጥታ ወገኖቿ ጋ ስትሄድ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ የአገሩ ወግ ነው። ስመኝ ጠበቀች። ይሻው መጣ፤ ብቻውን። በግድግዳው ሽንቁር አጮልቃ አየችው። ከኋላው ማንም የለም። «ዛሬም ሽማግሌ የሚላክብኝ ሴት አይደለሁም ማለት ነው» አለች በልቧ፤ አልወጣችም። እሱም ደጁ ላይ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ክሱም፣ ፍቺውም፣ ዛሬ ግቢው ውስጥ የተደረደረው ዕቃም ከዚያች ቀን የመጡ ናቸው።

የቤት ዕቃ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ያሳዝናል። ቤት ውስጥ ሳለ ደህና ይመስል የነበረው ቁም ሣጥን አንድ እግሩ ድንጋይ መሆኑ ለመንደሩ ሁሉ ታየ። ጠዋቱ ይበርዳል፤ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ጋቢ ያርገበግበዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ማለትም ከጋፋት የመጡት አያ ሙላቴ፣ የሰፈሩ ቄስ በላይነህና የእድሩ ዳኛ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። አግዳሚ ወንበሩ የሚካፈል ንብረት ስለሆነ የደፈረው የለም። ወይዘሮ ብዙነሽ ከገዛ ቤታቸው ባስመጡት ወንበር ላይ ሆነው ቁም ሣጥኑን ይጠብቃሉ። አገኘሁ ዱላውን ተደግፎ የግቢው በር አጠገብ ቆሟል። ይሻው ከሁሉም ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ላማቸው ዘንድ ነው።

ስመኝ ቀና ብላ ላታየው ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። አየችው። ከስቷል። የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። ምን እየበላ ይሆን ብላ ልትጨነቅለት ስትጀምር፣ ዛሬ ምን ልትሠራ እንደመጣች ትዝ አላትና ራሷን ገሠጸች።

ቄስ በላይነህ በስመ አብ ብለው ባረኩ። አያ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ በኛ አገር እንዲህ ነው የሚካፈለው። አንዱ ሁለት መደብ አድርጎ ይለያል፤ ሌላው የወደደውን ያነሳል። የመደበ ሰው ምርጫ የለውም፤ የተረፈውን ይወስዳል። አበላልጦ የመደበ እንደሁ ጉዳቱ የራሱ ነው። ስመኝ ትመድብ፣ ይሻው ያንሳ። ትስማማላችሁ?»

«እስማማለሁ» አለ ይሻው ላሟን እያየ።

«እስማማለሁ» አለች ስመኝ መሬት መሬት እያየች።

ተሸክመው የማያመጡት ነገር በምልክት ተወከለ። ቤቱ በቁልፉ፣ ላሟ ሻሼ በገመዷ፣ ከአገኘሁ እርሻ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ በአንዲት ቅርንጫፍ። ስመኝ ብድግ አለች። ቁልፉን አንስታ በቀኝ በኩል አስቀመጠችው። ከቁልፉ ሥር አልጋውን አስጠጋች፣ ቁም ሣጥኑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የይሻውን መጻሕፍት፣ አግዳሚ ወንበሩን። በግራ በኩል ገመዱን አኖረች። ቅርንጫፏን አኖረች። የቅቤ ሚዛኗን አኖረች። ከዚያ እጆቿን ነጠላዋ ላይ ጠረገች።

«ጨረስሽ?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ጨርሻለሁ።»

«ኧረ ይኼ መደብ አይባልም ልጄ። ያኛው ቤት ነው፤ ይኼኛው ላም ነው።»

«መዳቢዋ እኔ ነኝ። ጉዳቱ የራሷ ነው ተብሏል።»

አያ ሙላቴ ትኩር ብለው አዩዋት። ወይዘሮ ብዙነሽ በወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

እኔ እውነቱን ልንገራችሁ። ቤቱን ወደ ቀኝ ያደረገችው ይሻው እናቱ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ተመልሶ እንዳይገባ ብላ ነው፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ሰውየው ሲፈዝ ታውቃለች። ደግሞም የገጠር ልጅ መጥታ ቤቱን በላችው እንዳይባል ብላ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለራሷ ነግራዋለች። ሦስተኛውን ግን ለራሷም አልነገረችውም። ቁልፉን ሲያነሳ እጁን ልታየው ፈልጋለች። ቶሎ ብሎ ካነሳው ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው፤ ይቆርጥላታል። እጁ ከዘገየ ግን... ከዘገየስ ምን? እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሳቧ ይቆምባታል።

«ጋቢውስ ቀረ እኮ» አሉ ቄስ በላይነህ ወደ አጥሩ እያዩ።

የዚያን ጋቢ ጥጥ ስመኝ የፈተለችው በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ይሻው የተማሪ ፈተና እያረመ፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያመሹ ነበር።

«ጋቢ ምን ያስቸግራል» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ስፌቱ ይተርተርና ሁለት ይሁን። አንዳንድ ይደርሳቸዋል።»

«አይተረተርም» አለች ስመኝ።

«አይተረተርም» አለ ይሻውም እኩል።

ያን ጊዜ ተያዩ። አጭር ነበር፤ ግን ፍርድ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይተያዩ የከረሙት ሁሉ በአንዴ ተከፈለ። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት። ቄሱ «እንግዲያው ይቆይ» አሉ፤ ጋቢውም ከሁለቱም መደብ ውጭ አጥሩ ላይ ቀረ። ስመኝ አጎንብሳ ያልላላውን የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

«በል ይሻው፣ አንሳ» አሉ አያ ሙላቴ።

ይሻው ከላሟ ዘንድ መጣ። ወደ ቀኙ መደብ ሄደ። አጎነበሰና ከላይ ያለውን መጽሐፍ በጣቱ ነካው፤ ከዚያ እጁ ወደ ቁልፉ አለፈ። እዚያ ቆየ። እጁ ቁልፉን ሳይነካ ተመለሰ። ቀና ብሎ ተሻገረና ከግራው መደብ ገመዱን አነሳ።

«ይሻው፣ ቁልፉ እኮ በዚያ በኩል ነው» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ የተሳሳተ መስሏቸው።

«አይቼዋለሁ እማዬ።»

ስመኝ የጠበቀችው ነገር ይኼ አልነበረም። ቢዘገይ ልታለቅስ፣ ቢቸኩል ልትቆርጥ ተዘጋጅታ ነበር፤ ገመዱን ያነሳል ብላ ግን አላሰበችም። መጀመሪያ የመጣላት ንዴት ነው።

«ላሜን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ላረባት።»

«ማለብ መች ታውቅና። አንድ ቀን ብትሞክር ወተቱን ከነግሬራው ነው የደፋችብህ።»

«እማራለሁ።»

«የት ልታስራት ነው? እናትህ ሱቅ ውስጥ?»

አገኘሁ ሳቁ ሲመጣበት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ይሻው ግን አልሳቀም። ገመዱን እጁ ላይ እየጠመጠመ አንድ እርምጃ ቀረባት።

«አንቺስ የት ልታድሪ ነበር? ቁልፉን ለእኔ አስቀምጠሽ፣ አንቺ የት ልትገቢ ነበር?»

«እሱ አንተን አይመለከትም።»

«ይመለከተኛል።»

«ምጽዋት ነው እንዴ የምትሰጠኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ተሰበረ ብላ አላቆመችም። «በሰው ፊት? ይቺን የገጠር ልጅ ቤት አልቀማትም ብለህ ሽማግሌዎቹ እንዲመርቁህ?»

«ስመኝ፣ እዚህ ቤት ያለ አንቺ መኖር አልቻልኩም። ሞክሬዋለሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የእጅሽ ምልክት አለ። ስንለስነው የቀረ ነው። ማታ ማታ እሱን ላለማየት ወደ ግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምተኛው። ቁልፉን ባነሳ ምን አነሳሁ? ቆርቆሮና እንጨት ነው የማነሳው። ሻሼ ግን ባንቺ ድምፅ ስትጠራ የኖረች ናት። እሷን ልውሰድ አልኩ።»

የእድሩ ዳኛ ሳል ያዛቸው። ስመኝ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልትለው ያሰበችው አልነበረም። በሽንቁሩ አጮልቃ ካየችው ቀን ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ተቀምጦ የከረመው ነው።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ብቻህን መጣህ?»

ይሻው አልገባውም። «ብቻዬን?»

«ጋፋት። ወንድሜ ቤት።»

«ጥፋቱ የኔ ነዋ። ሰርጉ ላይ ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ለገዛ ጥፋቴ ሽማግሌ ከፊት አሰልፌ እኔ ከኋላ ልደበቅ? ራሴ እግርሽ ላይ ልወድቅ ብዬ መጣሁ። አልወጣሽም። ፊቴን ማየት አስጠልቷታል ብዬ ተመለስኩ።»

«አይቼሃለሁ እኮ። በሽንቁሩ አየሁህ። ከኋላህ ሰው ፈለግሁ፤ አጥሩ ብቻ ነበር።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አንድ ሰው። አንድ ሽማግሌ ይዘህ ብትመጣ ሮጬ እወጣልህ ነበር። ስታገባኝ አልተላከብኝም። ስቆጣም አልተላከብኝም። ዛሬ ይኸው ሦስት ሽማግሌ ደጄ ላይ ተቀምጧል፤ የመጡት ግን ንብረት ሊያካፍሉን ነው።»

አገኘሁ ወደ እህቱ ዞረ። ቤቱ ስትቀመጥ ይኼን ሁሉ ለእሱም አልነገረችውም። ወይዘሮ ብዙነሽ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያፍተለትላሉ። ይሻው ደግሞ እንዲሁ ቆሟል። ለተማሪ ብርሃንና ጥላ ሲያስረዳ የሚውለው ሰው፣ ይኼን የመሰለ ግልጽ ነገር ሳያይ መክረሙ አሁን ነው የታየው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ገረጣ።

ገመዱን በጥንቃቄ መሬት አስቀመጠውና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አላቸው። ድምፁ አልተሰማም። ከዚያ ማንንም ሳያይ በአገኘሁ አጠገብ አልፎ ከግቢው ወጣ።

«ሄደ» አለች ስመኝ በልቧ። አያ ሙላቴም ተነሱ፤ ዱላቸውን አንስተው ተከተሉት። ቄስ በላይነህ ተነሱ። የእድሩ ዳኛም ወጡ። ዕቃው እንደተመደበ ቀረ። አፌን ባልከፍት ምናለ አለች። ሰኞ ዳኛዋ ፊት ሽማግሌዎቹ ጥለውን ሄዱ ልትል ነው። ቤቱም ይሸጣል፤ የእጇ ምልክት ያለበት ግድግዳ ለማያውቁት ሰው ይሆናል። ይሻውም በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ እሷም ደብረ ታቦር ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የሚመስለውን ሰው ሁሉ ቀና እያለች ስታይ ልታረጅ ነው። ይኼ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

ግቢው ውስጥ ከአገኘሁ ሌላ የቀሩት እሷና ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ የይሻው ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ አልተንቀሳቀሱም።

«እማዬ፣ አንቺን እየጠበቅን ነው።»

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ይዘው፣ «ምነው ይኼን ጉልበቴን ቢምረኝ» እያሉ ተነሱ። ስመኝ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ሊሉት የፈለጉት ነገር አንገታቸው ላይ ደርሶ እንደተመለሰ ታየባቸው።

«ይኼ ቁም ሣጥን እግር ሳይኖረው ነው እንዴ የኖራችሁት? ብትነግሩኝ አናጢ እልክ ነበር» አሉና ወጡ።

ስመኝ ነገሩ ገና አልተገለጠላትም። በሩ ዝግ ነው። ነፋሱ ጋቢውን ያርገበግበዋል። ከውጭ ዱላ በሩን ቆረቆረው።

«ቤቶች።»

አገኘሁ በሩን አየ፤ እህቱን አየ። ገባው። የራሱን ጋቢ አስተካክሎ ለበሰና ድምፁን ጎርነን አደረገ።

«ማን ልበል?»

«ሽማግሌዎች ነን» አሉ አያ ሙላቴ።

«ይግቡ።»

ገቡ። አሁን እዚሁ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች እንደማያውቁት ግቢ ቀስ ብለው ገቡና በመስመር ቆሙ፤ አያ ሙላቴ ከፊት፣ ቄስ በላይነህ መስቀላቸውን ይዘው፣ የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ከነሱ ኋላ ወይዘሮ ብዙነሽ ቆመዋል። ይሻው አልገባም። የሚለመንለት ውጭ ነው የሚቆመው።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አገኘሁ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አያ ሙላቴ። «ይሻው የሚባል ልጅ አለን። አንዴ አግብቶ ፈትቷል፤ ይኼን አንደብቅም። ጥፋቱም የራሱ እንደነበር ነግሮናል። ላም ማለብ አይችልም፤ ይማራል። እህትህን ስመኝን ለልጃችን ስጡን ብለን ልንለምን መጥተናል። እናቱም ይኸው አብረው ቆመዋል።»

ሁሉም ወይዘሮ ብዙነሽን አየ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «አዎ፣ መጥቻለሁ» አሉ።

አገኘሁ ወደ እህቱ ዞረ።

«እታለም፣ ምን ልበላቸው?»

ስመኝ ፊቷ የቆሙትን ሰዎች አየች። ስታስበው የኖረችው እንደዚህ አልነበረም። ስታስበው ልጃገረድ ነበረች፣ ቀሚሷ አዲስ ነበር፣ ግቢውም ጋፋት ያለው የአባቷ ግቢ ነበር። አሁን ዓይኗ አብጧል፤ ዕቃዋ ደጅ ተደርድሯል። ደስታዋም እንዳሰበችው አልመጣም፤ ፍርሃት ተደባልቆበት ነው የመጣው። ሌላ የዘመድ ሰርግ ይኖራል። ያን ጊዜስ ቀና ብሎ ይናገር ይሆን? ማን ያውቃል። በአጥሩ ክፍተት አጮልቃ አየች። ይሻው ውጭ ቆሟል፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ። በእሱና በእሷ መካከል ዛሬ ሰው አለ።

ወደ ቀኙ መደብ ሄደች። አልጋውን ገፋ አድርጋ አግዳሚ ወንበሩን ጎተተችውና ሽማግሌዎቹ ፊት አቆመችው። አጥሩ ላይ የቀረውን ጋቢ አነሳችና አራግፋ አነጠፈችበት።

«መልስ በአንድ ቀን አይሰጥም» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ወጉ እንደዚያ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተመለሱ። ሰኞ ፍርድ ቤት የምንለውንም ያን ጊዜ እነግራችኋለሁ። ለዛሬው ግን ተቀመጡልኝ።»

አያ ሙላቴ ተቀመጡ። ቄሱና የእድሩ ዳኛም ተቀመጡ። ወይዘሮ ብዙነሽ ጥቂት አመንትተው ጫፉ ላይ፣ ስመኝ በፈተለችው ጋቢ ላይ ዐረፉ። እጃቸው ሳያውቁት ጋቢውን ዳሰሰው፤ «ክሩ ጥሩ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ከአጥሩ ውጭ ይሻው ሲያስል ተሰማ። ይሄ ብርድ ደረቱን ሊመታው ነው ብላ ስመኝ ደነገጠች፤ የምታለብሰውን ፍለጋ ዓይኗን ወደ ጋቢው ወረወረች። ጋቢው ሽማግሌዎቹ ሥር ነው። ለዛሬ ይብረደው አለች በልቧ፤ እሷም ያን ሁሉ ጊዜ በርዷታል። እንዲህ ብላ ሳትጨርስ ግን ሌላ ሳል ሰማች፤ ጥርሷን ነክሳ ቆማ፣ ነገ የሚባለው ቀን እንዴት እንደሚነጋላት ጨነቃት።